«አጭበርባሪ» የሚለው ቃል ለምን ያስፈልገናል? «ሞኝ ባይኖር አጭበርባሪ ባልኖረ» ለሚል ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ሞኝ ባይኖር አጭበርባሪ ባልኖረ» የሚል ርእስ የተሰጠው ጽሑፍ ሰሞኑን እጄ ገብቶ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ስለ አንድ ቃል ትርጉም የጻፉ ቢመስሉም፣ የብዕራቸው ጫፍ ያረፈው ተጭበርብረው ንብረታቸውን ባጡ ሰዎች ላይ ነው። ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ሐሳባቸው በአጭሩ ይህ ነው። «አጭበርባሪ» ትርፍ ቃል ነው፤ «ሌባ» ካለን ይበቃናል። ቃሉ ከብርሃንና ከማብረቅረቅ ጋር ስለሚዛመድ ለወንጀለኛው የተደበቀ አድናቆት ይዟል። አጭበርባሪ በተግባር ብልጥ ሰው ነው፤ በወጥመዱ የሚወድቀውም ሞኝና ስግብግብ ብቻ ነው። ቃሉ ደግሞ የገባውን ቃል ያላከበረውን ሁሉ ስንጠራበት ስለኖርን ትርጉሙ አልቆበታል። ስለዚህ ጋዜጦችና ሬዲዮኖች «ያልተገባ ጥቅም ያገኘ ግለሰብ» ብለው ቢጽፉና ቢናገሩ ይሻላል። ከነዚህ ነጥቦች በአንዱ በከፊል እስማማለሁ፤ እሱን ስደርስበት እናገራለሁ።

ከ«ሌባ ይበቃናል» ልጀምር። አይበቃንም። ሌባ ባለቤቱ ሳያይ ይወስዳል። ወንበዴ ባለቤቱ እያየ፣ በጉልበት ወይም በማስፈራራት ይወስዳል። አደራ ተቀብሎ አደራውን የበላ ሰው እምነት አጉዳይ ነው፤ ንብረቱ ወደ እጁ የገባው በደህና መንገድ ነው፣ ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጭበርባሪ ዘንድ ስንደርስ ግን ንብረቱን አውጥቶ የሚሰጠው ባለቤቱ ራሱ ነው። ሣጥኑን በገዛ ቁልፉ ከፍቶ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ፣ ወረቀቱ ላይ ፈርሞ፣ አንዳንዴም አመስግኖ ይሰጣል። ይህን ድርጊት «ሌብነት» ብለን ስንጠራው የበደሉ ዋና ክፍል፣ ማለትም የሰውየው ፈቃድ በውሸት መወሰዱ፣ ከስሙ ውስጥ ይወጣል።

ሕጉም እነዚህን አንድ ላይ አልጠቀለላቸውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ውንብድናን በ670፣ እምነት ማጉደልን በ675፣ አታላይነትን በ692 ለየብቻ አስቀምጧቸዋል። የመጨረሻውን አንቀጽ ጸሐፊው ቢያዩት ይጠቅማቸዋል። አታላይነት የሚፈጸምባቸው መንገዶች ብዙ እንደሆኑ ይዘረዝራል፤ አሳሳች ነገር መናገር፣ ማንነትን ወይም ያሉበትን ሁኔታ አዛብቶ ማቅረብ፣ የመግለጽ ግዴታ ያለበትን ነገር መደበቅ፣ ሌላው ሰው አስቀድሞ በተሳሳተ እምነት ላይ ከነበረም ያንን ስሕተቱን መጠቀሚያ ማድረግ። ሁሉም የሚያበቁት ተበዳዩ ራሱን የሚጎዳ ተግባር እንዲፈጽም በማድረግ ነው። ቅጣቱም እንደነገሩ ሁኔታ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በተንኮል ተታሎ ውል የገባ ሰው ውሉን ለማፍረስ እንዲጠይቅ በር ከፍቶለታል። ፈረመ ማለት ፈቀደ ማለት እንዳልሆነ ሕግ አውጪዎች ከተረዱት ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ሕጉ አታላይ እንጂ አጭበርባሪ አላለም» ብሎ ቢሞግተኝ ልክ ነው። ሁለቱ ቃላት ጎረቤት ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ማታለል ሰፊ ነው። እናት የሚያለቅስ ሕፃኗን በመጫወቻ ታታልለዋለች፤ የራበው ሰው ራቡን በውሃ ያታልላል፤ በፍቅርም ሰው ሰውን ያታልላል። ሰውን አጭበረበረ ሲባል ግን እንዲህ ያለ የዋህ አጠቃቀም የለውም። በዙሪያው ያሉትንም ቃላት ብናይ እያንዳንዱ የራሱ ድርሻ አለው። ቀጣፊ ይዋሻል፤ ግን ከውሸቱ ምንም ላይወስድ ይችላል። ሸንጋይ በጣፈጠ አንደበት ያለዝባል። አስመሳይ ያልሆነውን ሆኖ ይታያል። ወስላታ የማይታመን ነው፤ ዛሬ ያለውን ነገ አያገኙትም። ሸፍጠኛ ከጀርባ ይሠራል። አጭበርባሪ ከነዚህ ሁሉ የሚፈልገውን ተውሶ በመጨረሻ አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል። አማርኛ ይህን ያህል ዘርዝሮ የለየውን «ሌባ» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ መክተት ቋንቋውን ማደኽየት ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም መነሻቸው ትክክል ሆኖ መድረሻቸው የተሳሳተ ነው። እውነት ነው፣ ግሡ ስለ ብርሃንም ይነገራል። ከጨለማ ክፍል ወደ ቀትር ፀሐይ የወጣ ሰው «ዓይኔን አጭበረበረኝ» ይላል። የመኪና መብራት ፊት ለፊት ሲመጣም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «ማብረቅረቅ የውበት ምልክት ስለሆነ ቃሉ ወንጀለኛውን ያስውበዋል» ይላሉ። ዓይኑ የተጭበረበረ ሰው ግን ምን ያያል? ምንም አያይም። የበዛው ብርሃን ፊቱ ያለውን ነገር ይሰውርበታል። ዕውር አይደለም፤ ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ ይልቁንም ዓይኑ ጤነኛ ስለሆነ ነው ብርሃኑ የያዘው። ቃሉ በዚህ በኩል ሲታይ ለወንጀለኛው የሰጠው አንዳች ክብር የለም፤ የተናገረው በተበዳዩ ላይ የተደረገውን ነው።

ይህ ነገር ዛሬ በስልክ እንዴት እንደሚሠራ ልናገር። ደዋዩ በመጀመሪያ ሙሉ ስምዎን ይጠራል። ድምፁ የተረጋጋ ነው፤ «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ሒሳብዎ ላይ ያልተለመደ እንቅስቃሴ ስላየን ልናግድልዎ ነው» ይላል። ልብ ይበሉ፣ ሊሰጥዎ እንጂ ሊወስድብዎ አልመጣም። ቀጥሎም «አሁን አንድ ቁጥር ይላክልዎታል» ይላል፤ ቁጥሩም ወዲያው ይደርሳል። የመጣው ደግሞ ሁልጊዜ የባንኩ መልእክት ከሚመጣበት ቦታ ነው፣ ከቀድሞዎቹ መልእክቶች ሥር ተሰልፎ። መልእክቱ እውነተኛ ነው! ባንኩ ነው የላከው። ደዋዩ በዚያች ቅጽበት በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የእርስዎን ሒሳብ ለመክፈት ሞክሮ፣ ሥርዓቱ ማረጋገጫ ቁጥሩን ለባለቤቱ እንዲልክ አድርጎታል። የጎደለው እርስዎ ቁጥሩን ማንበብዎ ብቻ ነው። «ቶሎ ይበሉ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካላገድነው ገንዘቡ ይወጣል» ይላል። እውነተኛው መልእክት፣ የታወቀው ላኪ፣ ጥድፊያውና ስጋቱ አንድ ላይ ሆነው ዓይን ላይ ሲያበሩ፣ መልእክቱ ላይ «ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ» ተብሎ የተጻፈው መስመር አይታይም። ለዚህ ድርጊት «አጭበረበረ» ከሚለው የተሻለ ግሥ ያለው ሰው ካለ ያምጣ።

አሁን ወደ ርእሳቸው ልምጣ። «ሞኝ ባይኖር አጭበርባሪ ባልኖረ» የሚለው አነጋገር ለጆሮ ጥሩ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ብዙዎች የተቀባበሉት። ውጤቱ ግን ክፉ ነው። የማውቃቸው አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ከላይ በገለጽኩት መንገድ ያጠራቀሙት ተወስዶባቸዋል። ሴትዮዋ ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ያስተማሩ ናቸው። ገንዘቡን ያጡ ዕለት ወደ ባንኩ አልደወሉም፣ ለፖሊስም አላመለከቱም፣ ለልጆቻቸውም አልነገሩም። ልጃቸው ነገሩን የሰማችው ወራት ካለፉ በኋላ፣ መድኃኒት መግዛት ማቆማቸውን አይታ አጥብቃ ስትጠይቃቸው ነው። «ሞኝ ልትሉኝ ነው ብዬ ነው» አሉ። ያ ዝምታ ለማን ጠቀመ? በዚያው ቀን ቢነገር ምናልባት ሒሳቡ ሊታገድ፣ ገንዘቡ የገባበት ቁጥር ሊያዝ፣ ሌላ ሰው ሊጠነቀቅ ይችል ነበር። ተበዳይ አፍሮ ዝም ባለ ቁጥር አጭበርባሪው አንድ ተጨማሪ የሥራ ቀን ያገኛል። እንደ ጸሐፊው ያለ ርእስ ያንን ኀፍረት ያበዛዋል፤ ይህን ሳያስቡት እንደጻፉት አምናለሁ።

ቋንቋችን ራሱ በዚህ ጉዳይ ምርጫ ይሰጠናል። «ተሞኘሁ» ያለ ሰው ጥፋቱን ወደ ራሱ ስቧል፤ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። «ተጭበረበርኩ» ሲል ግን ያጭበረበረ አንድ ሰው የግድ አለ፤ ስሙ ባይታወቅም ቦታው ተይዟል። «አጭበረበሩኝ» ሲል ደግሞ አድራጊውን ፊት ለፊት አቁሞታል። ለተበዳይ የሚያስብ ሰው ከነዚህ የትኛውን እንደሚያለማምደው ግልጽ ነው።

ጸሐፊው «የሚወድቀው ስግብግቡ ነው» ለማለት የጠቀሱት በአጭር ጊዜ እጥፍ ትርፍ እናስገኛለን የሚሉ የማጭበርበሪያ ማኅበሮችን ነው። ምሳሌው አለ፤ አልክድም። ቻርልስ ፖንዚ እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ውስጥ በ45 ቀን ውስጥ 50 በመቶ ትርፍ እከፍላለሁ እያለ፣ ለቀደሙት የሚከፍለውን ከኋለኞቹ ገንዘብ እያመጣ ብዙ ሺህ ሰው አክስሯል፤ እስከ ዛሬም ይህ ዓይነቱ አሠራር በስሙ ይጠራል። የሰው ገንዘብ ተቀብዬ አተርፍበታለሁ እያለ በዚያው በፖንዚ አሠራር ለዓመታት ያጭበረበረው አሜሪካዊው በርናርድ ማዶፍስ? እሱ የሚያስጎመጅ ትርፍ አላቀረበም። ለደንበኞቹ በወረቀት ያሳያቸው የነበረው በዓመት ወደ 10 በመቶ ገደማ የሆነ፣ የማይዋዥቅ፣ የሰከነ ትርፍ ነው። ገንዘባቸውን የሰጡትም ጥንቃቄ እናበዛለን የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ ባንኮች፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ ሙሉ ጊዜያቸውን ገንዘብ በመመርመር የሚያሳልፉ ባለሙያዎች። ሰውየው ራሱ የናስዳክ የአክሲዮን ገበያ ሊቀ መንበር ሆኖ ያገለገለ ነበር። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጥቆማ ደርሶት፣ መርማሪ ልኮ፣ አይቶ ሳይደርስበት ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 ተይዞ በቀጣዩ ዓመት 150 ዓመት ሲፈረድበት፣ በወረቀት ላይ የነበረው ግን የሌለው ሀብት ወደ 65 ቢሊዮን ዶላር ይገመት ነበር። እነዚህን ሁሉ «ሞኝ» ብለን ከጠራን ቃሉ ማንን ነው የሚያስቀረው?

ደግሞም በርካታ የማጭበርበር ዘዴዎች ከስግብግብነት ጋር አይተዋወቁም። በሌለ በሽተኛ ስም ለሕክምና የሚሰበሰበው ገንዘብ የሚመጣው ከርኅራኄ ነው። «ልጅዎ አደጋ ደርሶበት ሆስፒታል ነው፣ ቶሎ ገንዘብ ላኩ» የሚለው ጥሪ የሚይዘው ፍቅርን ነው። የሌለ የሥራ ቅጥር አዘጋጅቶ የማመልከቻ ክፍያ የሚሰበስበው ደግሞ ሠርቶ ለመኖር የሚፈልግን ወጣት ነው። ርኅሩኅ መሆን፣ ልጅን መውደድ፣ ሥራ መፈለግ የሞኝ ሥራ ነው የሚል ካለ ፊት ለፊት ይናገረው።

«አጭበርባሪ ማለት ብልጥ ማለት ነው» ለሚለው የማቀርበው መልስ አጭር ነው። አማርኛ ብልህን፣ ብልጥንና ብልጣብልጥን ለይቶ ያውቃል። ብልህ አርቆ ያስባል፤ ብልጥ የራሱን ጥቅም ቀድሞ ያያል፤ ብልጣብልጥ በየአጋጣሚው ሌላውን ሊቀድም ይሞክራል። ከሦስቱ አንዱም በራሱ አጭበርባሪ አይደለም። ጸሐፊው «ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ» የሚለውን ተረት ለማስረጃ አቅርበዋል፤ ተረቱ የሚናገረው ግን ሁለት ብልጦች ሲገናኙ ተፋጥጠው እንደሚቀሩ ነው። አጭበርባሪ ወደዚያ ፍጥጫ አይገባም። የሚያምነውን፣ የቸኮለውን፣ የተጨነቀውን መርጦ ነው የሚሄደው። ችሎታ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ንግግር ለመቶ ሰው መደጋገም ነው፤ ዘጠና ዘጠኙ ስልኩን ቢዘጉት አንዱ ይበቃዋል። በ1849 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ የተያዘው ዊልያም ቶምፕሰን ያደርግ የነበረው ጥሩ ለብሶ መንገደኛን እንደሚያውቀው ሰው ሰላም ማለትና፣ ጥቂት ካወጉ በኋላ «ሰዓትዎን እስከ ነገ ድረስ አምነው ሊሰጡኝ ይችላሉ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ሰዓቱን ተቀብሎ ይሄዳል። እዚህ ውስጥ የሚደነቅ ብልጠት አላየሁም፤ ያየሁት ሌላው ሰው ለማያውቀው ሰው ያለውን በጎ ግምት ለጥፋት ማዋል ነው። የከተማዋ ጋዜጦች «የመተማመን ሰው» የሚል ስም አወጡለት፤ በእንግሊዝኛ አጭበርባሪን የሚጠሩበት አንዱ ቃል እስከ ዛሬ ከዚያ የመጣ ነው። እነሱም ስሙን ሲያወጡ የተነካውን ነገር፣ መተማመንን፣ ነው ያዩት።

አሁን የምስማማበት ቦታ ላይ ደርሻለሁ። ቃሉን አላግባብ እንበትነዋለን የሚለው የጸሐፊው ቅሬታ እውነት አለው። ዕዳውን በቀኑ ያልከፈለ ተበዳሪ፣ ዕቃው በመንገድ የቀረበት ነጋዴ፣ በዋጋ ንረት ምክንያት ቤቱን ሠርቶ ማስረከብ ያቃተው ሥራ ተቋራጭ ሁሉ «አጭበርባሪ» እየተባሉ ነው። መለያው ግን አስቸጋሪ አይደለም፤ ገንዘቡን በተቀበለባት ሰዓት ልቡ ውስጥ ምን ነበር ብሎ መጠየቅ ነው። ሥራ ተቋራጩ ቅድሚያ ክፍያውን ሲቀበል ሊሠራ አስቦ፣ ሲሚንቶ ገዝቶ፣ መሠረት አውጥቶ ከቆመ ቃሉን አላከበረም፤ በፍትሐ ብሔር ሊጠየቅም ይችላል። ያንኑ ቦታ ለሦስት ሰዎች ሸጦ፣ የሌለ ካርታ እያሳየ ከሦስቱም የተቀበለው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ አጭበርባሪ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ከባድ በደል ነው፤ የከሰረው ሰው ከኪሳራው በላይ ስሙን ያጣል፣ ሁለተኛ የሚያበድረው፣ ሥራ የሚሰጠው አያገኝም። በማስረጃ ያልተደገፈ ስም ማጥፋትም ራሱ በሕግ ያስጠይቃል። ይህ ሁሉ ግን ቃሉን በጥንቃቄ እንድንጠቀምበት የሚያስገድድ እንጂ እንድንጥለው የሚያበቃ ምክንያት አይደለም። ሰዎች «ነፍሰ ገዳይ» የሚለውን ቃል በንዴት ቢያባክኑት ከመዝገብ አንፍቀውም።

ገንዘብ ያልተወሰደበትም ማጭበርበር አለ፤ ጸሐፊው ዘለውታል። የምርጫ ቆጠራ ሲጭበረበር ከማንም ኪስ ሳንቲም አልወጣም፤ የተወሰደው የመራጩ ድምፅ ነው። ከጎኑ ካለው ልጅ ያየ ተማሪ ኮረጀ እንላለን፤ በሌላ ሰው መታወቂያ ገብቶ የተፈተነው ግን አጭበርብሯል። ተናጋሪው ሕዝብ ይህን ልዩነት ማንም ሳያስተምረው ይጠብቀዋል። ትርጉሙ ያለቀ ቃል እንዲህ አይሠራም።

የቀረው የመፍትሔ ሐሳባቸው ነው። አስቀድመው «ሌባ ይበቃል» ያሉት ጸሐፊ በመጨረሻ «ያልተገባ ጥቅም ያገኘ ግለሰብ» ማለታቸው እርስ በርሱ ይጋጫል፤ አንዱ ከሚገባው በላይ ይጠቀልላል፣ ሌላው ከሚገባው በላይ ያለዝባል። ለሐረጉ ያቀረቡት ምክንያት ሚዛናዊነት ነው። የሚያሳስባቸው ፍርድ ሳይሰጥ ሰው እንዳይኮነን ከሆነ አብሬያቸው ነኝ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ማንኛውም የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ሰጥቶታል። ለዚህ ግን አማርኛ የተዘጋጀ አነጋገር አለው፤ «በማጭበርበር የተጠረጠረ» ወይም «በአታላይነት ወንጀል የተከሰሰ» ይባላል። ሁለቱም ሰውየውን ሳይኮንኑ ድርጊቱን በስሙ ይጠሩታል። «ያልተገባ ጥቅም አገኘ» የሚለው ግን ድርጊቱንም ተበዳዩንም ያጠፋል። ጥቅሙ ከሰማይ የወረደ ይመስላል፤ ከማን እንደተወሰደ፣ በምን ቃል እንደተወሰደ የሚጠይቅ የለም። የዜና ክፍሎችን የምለምነው፣ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ካለው በኋላ «አጭበርባሪ» ብለው እንዲጽፉ ነው፤ ለተበዳዩ ምን ብሎ እንደነገረው፣ ምን እንዳሳየውና ምን እንደወሰደበትም በዝርዝር ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ስልክ የሚደወልለት ሰው አስቀድሞ እንዲያነበው።